የእንጨት ጣሪያና ወለል ትራስ ግትርነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤት የሚያሠሩ ሰዎች፣ አናጢዎችና ገና ሥራ የጀመሩ መሐንዲሶች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። ስለ ጥንካሬ ሁሌም ይወራል። እዚህ የምናወራው ግን ስለ ግትርነት ነው፤ ትራሱ (ከተጋጠሙ እንጨቶች ተሠርቶ ጣሪያውን ወይም ወለሉን የሚሸከመው መዋቅር) አይሰበርም ከተባለ በኋላ ምን ያህል ይረግባል፣ ሲረገጥስ ምን ያህል ይንቀጠቀጣል የሚለውን።

በስሞቹ እንስማማ። ከዳር እስከ ዳር ከላይና ከታች የሚሄዱት ረጃጅም እንጨቶች ኮርድ ይባላሉ። በመሃላቸው ያሉት ሰያፍና ቋሚ እንጨቶች ዌብ ናቸው። ከአንዱ ድጋፍ እስከ ሌላው ያለው ርቀት ስፓን ነው።

ትራሱ ጭነቱን ይችላል ተብሎ ተፈርሞበታል። ታዲያ ወለሉ ለምን ይንቀጠቀጣል?

ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ስለሆኑ ነው። ጥንካሬ ይሰበራል አይሰበርም ነው። ግትርነት ደግሞ ሳይሰበር ስንት ይወርዳል ነው። የመሰበር ስጋት ጨርሶ የሌለበት ወለል፣ ልጅ ሲሮጥበት የቁም ሣጥን ውስጥ ብርጭቆ ሊያንቃጭል ይችላል። ማንም አይጎዳም፣ ግን ማንም ደስ ብሎት አይኖርበትም።

እንጨት ለክብደቱ ጠንካራ ነው፤ ከብረት ጋር ሲተያይ ግን በጣም ልል ነው። የብረት የመለጠጥ ሞጁለስ፣ ማለትም ሲጎተት ወይም ሲገፋ ላለመለጠጥና ላለማጠር ያለው መቋቋም፣ 200,000 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው። ሲ24 የሚባለው የእንጨት ደረጃ አማካዩ 11,000 ነው፣ ሲ16 ደግሞ 8,000። ለዚህ ነው ስፓኑ ረዘም ሲል፣ በተለይ ወለል ላይ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያስቸግረው መርገቡ የሆነው።

ስንት ሚሊሜትር ቢረግብ ነው የሚፈቀደው?

በሚሊሜትር ሳይሆን በስፓን ክፍልፋይ ነው የሚነገረው። የአሜሪካው ኢንተርናሽናል ቢልዲንግ ኮድ ለወለል በተንቀሳቃሽ ጭነት (በሰውና በዕቃ ክብደት) ብቻ ስፓን/360፣ ቋሚው ጭነት (የወለሉ የራሱ ክብደት) ሲደመር ደግሞ ስፓን/240 ይላል። ለጣሪያ የሚወሰነው ከሥሩ ባለው ነገር ነው። የፕላስተር ኮርኒስ ካለው ስፓን/360፣ ሌላ ዓይነት ኮርኒስ ከሆነ ስፓን/240፣ ምንም ኮርኒስ ከሌለው ስፓን/180፤ ሦስቱም በተንቀሳቃሽ ጭነት ነው። ዩሮኮድ 5፣ የአውሮፓው የእንጨት መዋቅር ኮድ፣ አንድ ቁጥር አያስርም። ጭነቱ እንደተጫነ ለሚመጣው መርገብ ከስፓን/300 እስከ ስፓን/500 ያለ ክልል ይሰጥና አገሮች በየራሳቸው አባሪ እንዲወስኑ ይተዋል።

ለ6 ሜትር ስፓን ስሌቱ ቀላል ነው። 360ኛው 16.7 ሚ.ሜ ነው። 480ኛው 12.5 ሚ.ሜ። 240ኛው 25 ሚ.ሜ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። እነዚህ ገደቦች በዋናነት የታሰቡት ፕላስተር እንዳይሰነጠቅ፣ በርና መስኮት እንዳይጣበቅ፣ ዓይን የሚያየው ጉድጓድ እንዳይፈጠር ነው። ሰው ሲራመድ ስለሚሰማው ነገር እምብዛም አይነግሩንም። ስለዚህ ስፓን/360 ያለፈ ወለል ሕጉን አሟልቷል ማለት ነው እንጂ ይመቻል ማለት አይደለም። ለወለል ትራስ ስፓን/480 መጠየቅ የተለመደ ነው፣ በእኔ አስተያየትም መነሻው ይኸው መሆን አለበት። ወለሉ ላይ የተፈጥሮ ድንጋይ ሊነጠፍ ከሆነ ስፓን/720 ነው የሚመከረው፤ እብነበረድ መተጣጠፍ አይወድም።

ግትርነት ለመጨመር የቱ ይበልጣል፦ ወፍራም እንጨት፣ የተሻለ ደረጃ ወይስ የትራሱ ቁመት?

ቁመት። ከዚያም ቁመት። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። ትራስ ሲረግብ የላይኛው ኮርድ ያጥራል፣ የታችኛው ይረዝማል። ሁለት እኩል ኮርዶች ያሉት ጠፍጣፋ ትራስ ግትርነቱ በግምት የአንዱ ኮርድ ስፋተ ቁርጥ (እንጨቱ ሲቆረጥ የሚታየው ፊት ስፋት) ሲባዛ በኮርዶቹ መሃል ለመሃል ርቀት ስኩዌር፣ ለ2 ሲካፈል ነው። ርቀቱ ስኩዌር መሆኑን ልብ በሉ። እንጨቱን እጥፍ ብታወፍሩት ግትርነቱ እጥፍ ይሆናል። ርቀቱን እጥፍ ብታደርጉት ግን አራት እጥፍ ይሆናል።

አሁን እውነተኛ ወለል እንውሰድ። ስፓኑ 6 ሜትር፣ ትራሶቹ በየ60 ሳ.ሜ፣ ተንቀሳቃሽ ጭነቱ በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ኒውተን። ኮርዶቹ 45 በ95 ሚ.ሜ ሲ24 እንጨት፣ በጠፍጣፋው የተጋደሙ። እያንዳንዱ ትራስ በሜትር 1.2 ኪሎ ኒውተን ይደርሰዋል።

የትራሱ ጠቅላላ ቁመት 300 ሚ.ሜ ከሆነ የኮርዶቹ የመሃል ርቀት 255 ነው። አምስት ሲባዛ በጭነት ሲባዛ በስፓን አራተኛ ፓወር፣ ለ384 ሲባዛ በሞጁለስና በኢነርሺያ (ከላይ ከስፋተ ቁርጡና ከርቀቱ ያወጣነው ቁጥር) ሲካፈል የሚለውን የታወቀ ቀመር ብትጠቀሙ 13.2 ሚ.ሜ ይወጣል። ግን ይህ ኮርዶቹን ብቻ ነው ያየው። ዌቦቹም ያጥራሉ፣ ይረዝማሉ፣ መጋጠሚያዎቹም ትንሽ ይንሸራተታሉ። ለመጀመሪያ ግምት ሩብ ጨምሩበት፤ 16.5 ይሆናል። ከ16.7 በፀጉር ስንጥቅ ነው ያለፈው። ስፓን/480 ላይማ ወድቋል።

እንጨቱን ሳትነኩ ቁመቱን 400 አድርጉት። የኮርዶቹ ርቀት 355 ይሆናል። መርገቡ 6.8፣ ከሩቡ ጋር 8.5 ሚ.ሜ። 10 ሳ.ሜ ቁመት ብቻ ተጨምሮ መርገቡ በግማሽ ወረደ! የተጨመረው እንጨት ደግሞ ዌቦቹ ትንሽ ስለረዘሙ ብቻ ነው።

በተቃራኒው 300ውን እንደያዛችሁ ደረጃውን ብታሻሽሉስ? ከሲ16 ወደ ሲ24 መሻገር ግትርነቱን የሚጨምረው 37 ከመቶ ገደማ ነው። መጥፎ አይደለም፤ የቁመቱን ያህል ግን አይደለም። ደግሞ ልብ በሉ፣ ከአንድ ዓይነት እንጨት ከፍ ያለ ደረጃ ስትገዙ ጥንካሬው በጣም ይጨምርና ሞጁለሱ ግን ያን ያህል ላይንቀሳቀስ ይችላል። የምታዩት የሞጁለሱን ቁጥር ይሁን።

ለመነሻ የሚያገለግል ልማዳዊ ገደብም አለ። ለወለል ትራስ ስፓኑ ከቁመቱ ከ20 እጥፍ አይብለጥ፣ ለጠፍጣፋ ጣሪያ ከ24 እጥፍ። የእኛው 6 ሜትር በ300 ሚ.ሜ ልክ 20 ላይ ነው የተቀመጠው፤ ያልተመቸንም ለዚህ ነው።

ስፓኑን በ1 ሜትር ብቻ ባስረዝመው ምን ለውጥ ያመጣል?

ብዙ። መርገብ በስፓን አራተኛ ፓወር ነው የሚያድገው። ከ6 ወደ 7 ሜትር ስትሄዱ መርገቡ 85 ከመቶ ይጨምራል። የሚፈቀደው ግን የሚጨምረው 17 ከመቶ ብቻ ነው። ሳሎኑን ትንሽ ሰፋ እናድርገው የሚባለው ነገር የሚመስለውን ያህል ትንሽ አይደለም። ክፍሉ መስፋት ካለበት የትራሱ ቁመት አብሮ ይደግ። የፎቁ ከፍታ ከመጽደቁ በፊት ይህን መነጋገር ያስፈልጋል፤ በኋላማ ማን ደረጃውን እንደገና ይሠራል?

ስፓን/480 ብዬ አዝዣለሁ። አሁንም ንዝረት ሊሰማኝ ይችላል?

ይችላል። ሰውን የሚረብሸው ወለሉ ስንት ወረደ ብቻ ሳይሆን በሰከንድ ስንት ጊዜ ወጣ ወረደ የሚለውም ነው። ከ4 እስከ 8 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ፣ ያለውን ንዝረት ሰውነታችን በደንብ ይሰማዋል፣ አይወደውምም። ዩሮኮድ 5 የመኖሪያ ቤት ወለል የተፈጥሮ ፍሪኩዌንሲው ከ8 ሄርዝ በታች ከሆነ ልዩ ጥናት ይደረግበት የሚለው ለዚህ ነው።

በእጅ መገመት ይቻላል። ወለሉ በራሱ ክብደት ስንት ሚ.ሜ እንደሚረግብ ያዙ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ 18ን ለእሱ አካፍሉ። 8 ሄርዝ ለማግኘት በራሱ ክብደት ከ5 ሚ.ሜ በላይ መርገብ የለበትም ማለት ነው።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ንጣፉ፣ ኮርኒሱና ትራሱ ተደምረው በካሬ ሜትር 1 ኪሎ ኒውተን ይመዝናሉ እንበል። የ300 ሚ.ሜው ትራስ በራሱ ክብደት 8.25 ሚ.ሜ ይረግባል። ፍሪኩዌንሲው 6 ሄርዝ ገደማ ነው፤ ልክ ሰው በሚጠላው ክልል ውስጥ። የ400ው 4.25 ሚ.ሜ ይረግባል፣ ፍሪኩዌንሲው ከ8 ትንሽ ያልፋል። ስፓን/360 ሁለቱንም አሳልፏቸው ነበር። እግር ግን ልዩነታቸውን ወዲያው ያውቀዋል።

ካናዳ ሌላ መንገድ ነው የያዘችው። እዚያ የእንጨት ወለል መሃሉ ላይ 1 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 100 ኪሎ ገደማ፣ ተቀምጦበት ስንት ይወርዳል ተብሎ ይታያል። ከ3 ሜትር በታች ለሆነ ስፓን 2 ሚ.ሜ ይፈቀዳል። ስፓኑ ሲረዝም ገደቡ እየጠበቀ ይሄዳል፤ 6 ሜትር ላይ ከ1 ሚ.ሜ በታች ነው። ረጅም ስፓን በስፓን ክፍልፋይ ሲለካ ብዙ ሚሊሜትር ስለሚፈቀድለት ነው የሚያስቸግረው። እዚህ ግን በተቃራኒው ነው የሚያዘው፣ ይህ አስተሳሰብ ለእኔ የበለጠ ስሜት ይሰጣል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ትራሱ ግትር ሆኖ የተቀመጠበት ቢም ልል ከሆነ ሁለቱ መርገቦች ይደመራሉ። ትራሱን ብቻ ፈትሾ ቢሙን መርሳት በጣም የተለመደ ነው።

ስትሮንግባክ የሚሉት ነገር ምንድን ነው? የግድ ነው?

ትራሶቹን በአግድም አቋርጦ የሚሄድ፣ በጠርዙ የቆመ ጣውላ ነው። ብዙ ጊዜ 38 በ140 ሚ.ሜ ያህል ይሆናል። ከትራሶቹ ቋሚ ዌቦች ጋር፣ በተቻለ መጠን ከታችኛው ኮርድ አጠገብ፣ በደንብ ይመታል። በየ3 ሜትሩ ገደማ አንድ መስመር ይመከራል።

ሥራው ጭነት ማካፈል ነው። አንዱ ትራስ ሲረገጥ ጎረቤቶቹን ይዞ ይወርዳል፣ ስለዚህ ያነሰ ይወርዳል። የአንዱን ትራስ ግትርነት አይለውጥም፣ ስፓን/360 የማያልፈውን ትራስም አያሳልፈውም። ግን ለንዝረት ከሚወጣበት እንጨት አንጻር ይህን የመሰለ ዋጋ ያለው ነገር የለም። በስሱ ከተመታ ግን ከንቱ ነው፤ አንድ ምስማር ብቻ ተመትቶበት የሚንጠለጠል ስትሮንግባክ ጌጥ ነው።

የወለሉ ንጣፍስ ይረዳል?

ከተጣበቀ አዎ። ኮምፔንሳቶው በኮንስትራክሽን ማጣበቂያ ከላይኛው ኮርድ ጋር ተጣብቆ በብሎን ሲጠበቅ ከኮርዱ ጋር አብሮ ይሠራል፣ የላይኛው ኮርድ የሰፋ ያህል ይሆናል። በምስማር ብቻ ሲመታ ግን ይንሸራተታል፣ ከጊዜ በኋላም ሲጢጥ ማለት ይጀምራል። የትራሶቹ ርቀት 60 ሳ.ሜ ከሆነ ደግሞ ንጣፉ ራሱ በትራሶች መሃል እንዳይረግብ ውፍረቱን አትቀንሱ። አንዳንድ ሰው ትራሱን ይወቅሳል፣ ጥፋቱ የሳሳ ንጣፍ ሆኖ ሳለ።

ካምበር ቢሰጠውስ? ችግሩ አይፈታም?

ካምበር ትራሱ ሲሠራ መሃሉን ትንሽ ወደ ላይ ማጉበጥ ነው፣ ብዙ ጊዜ በቋሚ ጭነት በሚረግበው ልክ። ጭነቱ ሲመጣ ቀጥ ይላል። ለዓይን ጥሩ ነው። ግትርነት ላይ ግን ቅንጣት አይጨምርም፤ የሚንቀጠቀጠው እንደተንቀጠቀጠ ይቀራል። ቀጥ ያለ ትራስ አጠገብ ካምበር ያለው ከገባ ደግሞ ንጣፉ ላይ ጉብታ ይመጣል።

ሲገባ ቀጥ ያለ ነበር። ከዓመታት በኋላ ለምን ረገበ?

ክሪፕ ይባላል። እንጨት ለረጅም ጊዜ ጭነት ተሸክሞ ሲቆይ ጭነቱ ሳይጨምር ቀስ እያለ ይረግባል። እርጥበት ያባብሰዋል። በአሜሪካው አሠራር ደረቅ ቦታ ላለ ደረቅ እንጨት የቋሚ ጭነቱ መርገብ በ1.5 ይባዛል፤ እርጥብ ሆኖ ለገባ ወይም እርጥብ ቦታ ላለ በ2። ዩሮኮድ 5 ደግሞ ሞቃትና ደረቅ የቤት ውስጥ ላለው 60 ከመቶ፣ ጣሪያ ተጠልሎ ለነፋስ ክፍት በሆነ ቦታ 80 ከመቶ፣ ለዝናብ ለተጋለጠ 200 ከመቶ ያስጨምራል።

የእኛን 300 ሚ.ሜ ትራስ ብታስታውሱ በቋሚ ጭነት 8.25 ነበር። በ1.5 ሲባዛ 12.4 ይሆናል። ተንቀሳቃሹ 16.5 ሲደመርበት 29 ሚ.ሜ ገደማ። የስፓን/240 ገደብ 25 ነው፤ ወደቀ። ያኛውን ፈተና በፀጉር ስንጥቅ ያለፈው ትራስ በዚህኛው ነው የተያዘው።

ስለዚህ እንጨቱ ሲገባ እርጥበቱን ለኩ። ከ19 ከመቶ በታች መሆን አለበት። ግንባታ ላይ ደግሞ የጂፕሰም ቦርድ ክምር ትራሱ መሃል ላይ ለሳምንታት አታስቀምጡ፤ እዚያ ያገኘውን ጉብጠት ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም።

በቦታው በምስማርና በቡሎን የሚሠራ ትራስ ከፋብሪካው ጋር እኩል ግትር ይሆናል?

በተመሳሳይ እንጨት፣ ብዙውን ጊዜ አይሆንም። ልዩነቱ መጋጠሚያው ላይ ነው። ቡሎን እንዲገባ ቀዳዳው በ1 ሚ.ሜ ገደማ ሰፋ ብሎ ነው የሚበሳው፤ ጭነት ሲመጣ መጀመሪያ ያ ክፍተት ይዘጋል። አንድ ትራስ ላይ አሥራ ምናምን መጋጠሚያ አለ። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ሲንሸራተት መሃሉ ላይ ተደምሮ ይታያል። ሁለት ቀጭን ቡሎን ከምትጠቀሙ ብዙ ምስማር ያለበት የኮምፔንሳቶ ጉሴት (መጋጠሚያው ላይ የሚለጠፍ ቁራጭ)፣ ከተጣበቀ ደግሞ በተለይ፣ በጣም ይሻላል።

ባለ ጥርስ የብረት ፕሌት ይህን ችግር በእጅጉ ቀንሶታል። ታሪኩ አጭር ነው፦ ካሮል ሳንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1952 ፍሎሪዳ ውስጥ የመጀመሪያውን ፕሌት አወጣ፣ ግን ምስማር ይጨመርበት ነበር። በ1955 ካልቪን ጁሪት ያለ ምስማር ራሱ ጥርሱ የሚይዝ ፕሌት ሠራ። ዛሬ የምናየው የፋብሪካ ትራስ ከዚያ የመጣ ነው። ፕሌቱ ግን በደንብ የሚይዘው ጥርሱ ሙሉ በሙሉ እንጨቱ ውስጥ ሲገባ፣ እንጨቶቹም ሳይራራቁ ሲገጥሙ ነው። ትራሱ ሲደርሳችሁ መጋጠሚያዎቹን ተመልከቱ። ፕሌቱ ከእንጨቱ ላይ ተነስቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ አትረከቡ።

እያንዳንዱ ትራስ ለብቻው ገደቡን አልፏል፣ ግን ወለሉ ሞገድ ሠራ። እንዴት?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ነው፤ ሶፍትዌሩ ትራሶቹን አንድ በአንድ ነው የሚያየው፣ ሰው ግን የሚራመደው በሁለቱ መሃል ነው።

የተለመደው ቦታ ግድግዳው ዳር ነው። ዳር ያለው ትራስ ከግድግዳው ላይ ሙሉ ለሙሉ ስለተቀመጠ ምንም አይረግብም። 60 ሳ.ሜ ርቆ ያለው ጎረቤቱ 12 ሚ.ሜ ይረግባል። ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ናቸው፣ በመሃላቸው ያለው ንጣፍ ግን በ60 ሳ.ሜ ውስጥ 12 ሚ.ሜ ተዳፋት ሆነ። ጣሪያ ላይም ግድግዳ ላይ የተቀመጠው የጫፍ ትራስና ቀጥሎ ያለው እንዲሁ ይለያያሉ፣ ኮርኒሱ ላይ ስንጥቅ የሚመጣው እዚያ ነው።

ሌላው ጊርደር ነው። ጊርደር ሌሎች ትራሶችን ተሸካሚ ስለሆነ እሱ ሲረግብ በእሱ ላይ የተንጠለጠሉት ሁሉ አብረው ይወርዳሉ። የጊርደሩ 10 ሚ.ሜ የእነሱ ላይ ይደመራል። ለዚህ ጊርደርን ከሌሎቹ ጠበቅ ባለ ገደብ ማዘዝ ብልህነት ነው። ሦስተኛው ደግሞ የደረጃ ቀዳዳ አካባቢ ነው። 3 ሜትር የሆነ አጭር ትራስ 7 ሜትር ከሆነው ጋር ጎን ለጎን ይቆማል። አንዱ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል፣ ሌላው ይወርዳል።

መፍትሔው ለሁሉም አንድ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ልሉን ትራስ መደረብ ወይም ማቀራረብ ይበቃል። አንዳንድ ጊዜ ከግድግዳው ዳር ያለውን ትራስ ትቶ ንጣፉን ግድግዳው ላይ በተለየ መደገፊያ ማሳረፍ። ዋናው ነገር የትራሶቹን አቀማመጥ ፕላን ይዞ የእያንዳንዱን መርገብ በእርሳስ እላዩ ላይ መጻፍ ነው። ሁለት ጎረቤት ቁጥሮች በጣም የተራራቁበት ቦታ ወዲያው ዓይን ይወጋል።

ለቧንቧና ለአየር ማስተላለፊያ ትልቅ ክፍት ቦታ ትራሱ ውስጥ ቢተውስ?

መሃል ላይ ይሁን። ሰያፍ ዌብ የሌለበት አራት ማዕዘን ክፍት ትራሱን በዚያ ቦታ ያላላዋል፤ ኮርዶቹ ራሳቸው መታጠፍ ይጀምራሉ። መሃል ላይ የመቁረጥ ኃይሉ (ትራሱን ወደ ታች ሊቆርጠው የሚሞክረው ኃይል) ትንሽ ስለሆነ ጉዳቱ ያነሰ ነው። ክፍቱን ወደ ድጋፉ ባስጠጋችሁት ቁጥር መርገቡ ይጨምራል።

ከጣሪያ ትራሱ ሥር ያለውን ክፍል መለያ ግድግዳ ከትራሱ ጋር አጣብቄ ብሠራው ጣሪያው አይጠነክርም?

አታድርጉት። ትራሱ ሲታሰብ ድጋፉ ሁለቱ ዳር ላይ ነው። መሃል ላይ ድንገት ድጋፍ ሲያገኝ ኃይሎቹ ይገለባበጣሉ። የሚጎተት የነበረው ዌብ ይገፋል፣ ለመገፋት ያልታሰበ ቀጭን ዌብ ደግሞ ወደ ጎን ይለመጣል። ከግድግዳው ራስ እስከ ታችኛው ኮርድ 12 ሚ.ሜ ያህል ክፍተት ተዉ። ግድግዳው ወደ ጎን እንዳይወድቅ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንሸራትት ባለ ረጅም ቀዳዳ ብረት ተጠቀሙ።

ብርድ ባለበት አገር ያው ክፍተት ሌላም ጥቅም አለው። በክረምት የታችኛው ኮርድ ሙቀት መከላከያው ውስጥ ተቀብሮ ይሞቃል፣ ይደርቃል፣ ያጥራል። የላይኛው ብርድና እርጥበት ውስጥ ነው፣ ይረዝማል። ትራሱ ወደ ላይ ይጎብጣል፣ ኮርኒሱን ከግድግዳው ነቅሎ ያነሳዋል። በበጋ ተመልሶ ይወርዳል። ሰው ስንጥቁን በየዓመቱ ይደፍነዋል፣ በየዓመቱ ይመለሳል። የኮርኒሱን ቦርድ ከግድግዳው አጠገብ ባለው 40 ሳ.ሜ ውስጥ ከትራሱ ጋር አትምቱት፤ ጠርዙን ከግድግዳው ራስ ጋር ያዙትና መሃሉ ይተጣጠፍ።

ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ሰው አይሄድበትም። ግትርነቱ ለምን ያሳስበኛል?

በውኃ ምክንያት። ጣሪያው ሲረግብ ውኃ ይቋጥራል። የተቋጠረው ውኃ ጭነት ነውና የበለጠ ያረግበዋል፣ የበለጠ ያቋጥራል። ልል ከሆነ ይህ ዑደት እስከ መደርመስ ሊሄድ ይችላል። ቢያንስ 2 ከመቶ ተዳፋት ስጡት፣ ክሪፑ ከተቆጠረ በኋላም ተዳፋቱ እንደሚቀር አረጋግጡ።

የታችኛው ኮርዱም ወደ መሃል ከፍ የሚል፣ መቀስ የሚመስለው ትራስስ?

እሱ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋል። መሃሉ ሲወርድ እግሮቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ። የአግድም መርገቡን ቁጥር ስሌቱ ላይ ፈልጉ፣ አንዱ ዳር እንዲንሸራተት ካልተደረገ ግድግዳውን ይገፋዋል። የላይና የታች ተዳፋቱ በተቀራረበ ቁጥር የኮርዶቹ ርቀት ይጠባል፣ ቁመት ነው ሁሉ ነገር ያልነውን አስታውሱ።

ወለሉ ተሠርቶ አልቋል፣ ይንቀጠቀጣል። ምን ላድርግ?

በቅድሚያ ከሥር ኮርኒስ ከሌለ ስትሮንግባክ ጨምሩ። ከዚያ ከላይ ሁለተኛ ድርብ ኮምፔንሳቶ አጣብቃችሁ በብሎን አሰሩ። ብዙ ወለል በዚህ ይረጋጋል።

ሁለት ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ስስ ኮንክሪት ማፍሰስ ይጠቅማል የሚል ሐሳብ አለ። ክብደት ፍሪኩዌንሲውን ያወርዳል፣ ክሪፑን ያሳድጋል፣ ጥንካሬውም ያንን ጭነት አስቦ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ከሥር መሃሉ ላይ ምሰሶ ማቆም ያጓጓል። ልክ እንደ ክፍል መለያው ግድግዳ፣ ዌቦቹ እንደገና ሳይሰሉ አይቆምም።

ስፈልግ ዌቡን ቆርጬ ቧንቧ ባሳልፍስ?

አይቆረጥም። አይበሳም፣ አይሸረፍም። አንድ ዌብ ሲቆረጥ ያ ትራስ ትራስ መሆኑ ያበቃል፣ ጭነቱን ኮርዶቹ ብቻቸውን በመታጠፍ ሊሸከሙት ይሞክራሉ። ቧንቧው በዌቦቹ መሃል ይለፍ፤ ካልተቻለ መስመሩ ይቀየር። ቧንቧ ሠራተኛው ቀድሞ ቆርጦት ከሆነ ደግሞ አዲስ ጣውላ ጎኑ ላይ ለጥፎ ዝም ማለት አይበቃም። ትራሱን ከሥር ደግፉ፣ ፎቶ አንሱ፣ የትኛው ዌብ እንደሆነ ከትራሱ ሥዕል ጋር አመሳክራችሁ ለዲዛይነሩ ላኩ፤ የጥገናው ሥዕል እስኪመጣ ከላይ ምንም አታስቀምጡ።